ወርቁ በውኃው ውስጥ ነው

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ወርቅ ጠርጌ መንገድ ላይ ደፋሁ።

የተቀጠርሁት ለጽዳት ነበር። ወርቅ ቤቱ ወረታ መገንጠያው አጠገብ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ በሚለይበት ነው። ከፊት መሸጫው፣ ከኋላ መሥሪያው፣ ከመሥሪያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ጓሮ። ባለቤቱ ጋሽ ይርዳው ይባላሉ፤ ሻጩም ወርቅ ሠሪውም እሳቸው ነበሩ። ማልጄ ገባሁና ከሥራ ወንበራቸው ሥር ያለውን አቧራ ልቅም አድርጌ ጠረግሁ። ወስጄም አስፋልቱ ዳር ደፋሁት። ንጹሕ ሠራተኛ መሆኔን እንዲያዩልኝ ነበር።

"ጥራጊው የታለ?" አሉኝ ሲገቡ።

"ደፍቼዋለሁ ጋሼ።"

"የት?"

አሳየኋቸው። መጥረጊያና የላሜራ ማፈሻ ይዘው ወጡና አስፋልቱ ዳር ተንበረከኩ። እኔም አጠገባቸው ተንበረከክሁ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ሲነሣ ሁለታችንም በነጠላና በኮት እንከልለዋለን። አንድ የባጃጅ ሾፌር ቆም አለና "ጋሼ፣ ጥርስዎ ወለቀ እንዴ?" አላቸው።

"አዎ ወልቋል! እለፍ፣ እንዳትረግጠው!" አሉት።

አፈሩን ከነጠጠሩ በባልዲ ሞልተን ገባን።

"እዚህ ቤት አቧራ የሚባል ነገር የለም" አሉኝ። "ሞረዱ ሲያልፍ፣ መጋዙ ሲቆርጥ የሚረግፈው ሁሉ ወርቅ አለበት። እናጠራቅመዋለን፣ እናቃጥለዋለን፣ እናጠራዋለን።"

የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልሁ። እሳቸው ግን የጠረግሁትን ወለል ጎንበስ ብለው አዩት። ጣታቸውን በጣውላው ስንጥቅ ውስጥ አስገብተው አወጡና "ነገ በጊዜ ነይ" አሉ። "አንድ ቅንጣት እንኳ አላስቀረሽም። እንዲህ የሚጠርግ ሰው ለማጣሪያው ይሆነኛል።"

የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ባሌ ከሞተ በኋላ ከፎገራ ሜዳ፣ ከሩዝ ማሳው ተነሥቼ ወረታ የገባሁት የአምስት ዓመት ልጄን ሰላምን ይዤ ነው። ሰላም ደረቷ ቶሎ የሚታፈን ልጅ ነበረች። ስለዚህ አሲድ የሚባለውን ነገር ሲነግሩኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት "ጭሱ ወዴት ይሄዳል?" ብዬ ነበር።

"ነፋስ ወደ ወሰደው" አሉኝ።

ይህ መልስ ከልቤ ሳይወጣ ቀረ።

ሥራውን ለማያውቅ ላስረዳ። አሮጌ ወርቅ ንጹሕ አይደለም። መዳብ አለበት፣ ብር አለበት፣ በተሰበረ ቁጥር የተበየደበት አለበት። ይህ ሁሉ ተደባልቆ እንደገና ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቃል። ንጹሑን ለማግኘት ወርቁ ተጠፍጥፎ እንደ ወረቀት ይሳሳል፣ በመቀስ ይቆራረጣል፣ እሳት በሚችል ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ሁለት ዓይነት አሲድ ይፈስበታል። አንዱ የጨው አሲድ ነው። ሌላውን እኛ ብርቱው አሲድ እንለው ነበር። አንዱ ብቻውን ወርቅን አይነካውም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ወርቁ እየተበላ ያልቃል። ብሩ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ከታች ስለሚቀር ተጠልሎ ይወጣል። የሚተርፈው የጠራ ቢጫ ውኃ ነው። ወርቁ የታለ ብትሉ፣ በውኃው ውስጥ ነው።

ከዚያ ማፍያው ይመጣል። ብርቱው አሲድ በውኃው ውስጥ ከቀረ፣ የሚወርደውን ወርቅ መልሶ ይበላዋል። ስለዚህ ውኃው በለሰለሰ እሳት ላይ ተጥዶ እንደ ማር እስኪወፍር ይተናል። ጥቂት የጨው አሲድ ይጨመርበትና እንደገና ይተናል። ሦስት ጊዜ፣ ቡናማው ጭስ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ። ማፍያ እንበለው እንጂ መንተክተክ የለበትም። ከተንተከተከ ይረጫል፤ የተረጨው ደግሞ ወርቅ ነው።

በመጨረሻ በዝናብ ውኃ ይቀጥንና በሌላ ዕቃ የተሟሟ አረንጓዴ ጨው ጠብ ጠብ ይደረግበታል። አረንጓዴው ጨው ከብረት የሚሠራ ነው። ወርቁን ከውኃው የሚያስለቅቀው እሱ ነው። ቢጫው ውኃ ይደፈርሳል፣ ርብ ወንዝ በሐምሌ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ የሚመስለውን ይመስላል። ከዚያ ደለሉ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ያንን ደለል መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ደነገጥሁ። ልክ የተቆላ ተልባ ዱቄት ነበር።

"ይህ ነው ወርቁ?" አልኋቸው ጋሽ ይርዳውን።

"አንቺስ ከእንቅልፍሽ ስትነሺ፣ ፊትሽን ሳትታጠቢ ምን ትመስያለሽ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቦራክስ የሚባለው የማቅለጫ ዱቄት ተነስንሶበት ሲቀልጥ ብቻ ነው ፊቱን የሚያሳየው።

ዓመት ሳይሞላኝ ማጣሪያው በእጄ ገባ። ጋሽ ይርዳው አሲዱን ይለኩልኛል፣ ሌላውን እኔ ነኝ። ፈሪ ሴት ነኝ፤ ፍርሃቴ ለዚህ ሥራ ተስማማው። ብርጭቆ ሳነሣ በሁለት እጄ ነው። አሲድ ወደ ውኃ እጨምራለሁ እንጂ ውኃ ወደ አሲድ ጨምሬ አላውቅም። ወደ ቤት ስገባ እጄንና ፊቴን ታጥቤ፣ ቀሚሴን ለውጬ ነው ልጄን የምነካው።

ከሁሉ የምወደው የወርቁን አወራረድ ማየት ነበር። በበጋ ቀትር ላይ ጨው የጨመርሁበት ውኃ ጓሮውን ጠርጌ ሳልጨርስ ወርቁን ያወርደዋል። በሐምሌ ብርድ ያው ውኃ፣ ያው ጨው፣ እስከ ማግሥቱ ይጎትታል። ውኃው ከቀጠነ ይዘገያል። በብርጭቆ ዘንግ ሲማሰል ይፈጥናል። ጨው በአንድ ጊዜ ከተደፋበት ደግሞ ወርቁ ቶሎ ይታያል፣ ግን እንደ ጭስ የላመ ይሆናል። ተንሳፍፎ ይቆያል፣ ሲታጠብም አብሮ ይፈሳል። ቀስ ተብሎ የወረደው ግን እንደ አሸዋ ይከብዳል። ይህን ሁሉ በሰላም አሮጌ ደብተር ጀርባ እጽፍ ነበር። ሰዓት ስላልነበረኝ በጥላ ነበር የምጽፈው። "ጥላው ደፉ ላይ ሲደርስ ጨመርሁ፤ ግድግዳውን ሲነካ ጠራ።"

አንድ ቀን የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ለሠርጉ ቀለበት ሊያሠራ መጣና ደብተሩን አየው።

"ይህን ማን አስተማረሽ?" አለኝ።

"ማንም። አይቼ ነው።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ወርቁ በውኃው ውስጥ ብቻውን አይደለም" አለኝ። "ከጨው አሲዱ የመጡ አራት ጓደኞች ከበውት ነው። አረንጓዴው ጨው ከእነሱ መሐል ነው የሚያስለቅቀው። ሙቀት ሲኖር ሁሉም ይራወጣሉ፣ ቶሎ ይገናኛሉ። ሲበርድ ይለግማሉ። ውኃ ሲበዛ ይራራቃሉ። እኛ ይህን የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት ብለን እናስተምረዋለን።"

ጋሽ ይርዳው ከሥራቸው ቀና ሳይሉ "እኛ ደግሞ ሐምሌ እንለዋለን" አሉት።

መምህሩ ስቆ ደብተሩን ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ወሰደው። በሳምንቱ መለሰልኝ። ከእኔ ጽሑፍ ሥር በቀይ ብዕር "ትክክል" ብሎ ነበር። እስከ ዛሬ አለኝ።

የሥራችን ሌላው ምልክት ጣት ነው። ቢጫው ውኃ ሲነካን ወዲያው ምንም አይታይም። ብርሃን ሲያገኘው ግን ሐምራዊ ይሆናል፣ ቆዳው እስኪላጥም አይለቅም። ሰላም "እማዬ፣ ዛሬም ቀለም ነክተሻል" ትለኝ ነበር። አንድ ውኃ ወርቅ እንዳለበት ስንጠራጠርም ነጭ የጥጥ ክር ነክረን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ክሩ ሐምራዊ ካወጣ ውኃው አይደፋም።

አሁን ልነግራችሁ ወደ ተነሣሁት ክረምት ልምጣ።

ሁለት እኅትማማቾች ከጣና ወዲህ ካለው ሜዳ፣ ጎርፍ ተሻግረው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው መጡ። ታላቋ ደብሬ ትባላለች፣ ታናሿ የሺ። እናታቸው ሞተው ተዝካራቸው ወጥቷል። ደብሬ ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈታች። አንድ የአንገት ሐብልና አንድ ጥንድ ጉትቻ ነበር።

"እናታችን የመጀመሪያው ሩዝ ሲሸጥ የገዛችው ነው" አለች። "ወንዛዬ ፍል ውኃ ስንወስዳት እንኳ ከአንገቷ አላወለቀችውም። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጥንድ ጉትቻ ይሁንልን።"

ጋሽ ይርዳው ሐብሉን በአጉሊ መነጽር አዩት። አምስት ስድስት ቦታ ተበይዷል። "ሳይጠራ ቢቀጠቀጥ ይሰነጠቃል" አሏቸው።

"ይጥራ። አንድ ነገር ግን አንቱ" አለች ደብሬ። "ከማንም ወርቅ ጋር እንዳይደባለቅ። ለብቻው ይጥራ፣ ለብቻው ይቅለጥ።"

በእኛ አገር እንዲህ የሚሉ ብዙ ናቸው። የእናት ወርቅ ባለቤቱ ከማይታወቅ ወርቅ ጋር አይነካካም። ጋሽ ይርዳው "ይሁን፣ በአራተኛው ቀን ኑ" ብለው ለእኔ አስረከቡኝ።

በዚያው ቀን አሟሟሁት፣ አጠለልሁት፣ ጓሮ ውስጥ በከሰል ላይ ጣድሁት። ስገለብጥ ጥቂት ጣቴን ነክቶኝ ነበር። አንድ ጊዜ ተነነ። ሁለተኛም ተነነ። ሦስተኛውን ስጀምር ነፋሱ ዞረ። ከጓሮው አጥር ወዲያ የተከራየሁበት ግቢ ነው። ሰላም ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ድምፅዋን እሰማለሁ። ቡናማው ጭስ በአጥሩ ላይ አልፎ ወደዚያ ሄደ። ወዲያው ሰላም አሳለች።

ማሳሏን አውቀዋለሁ። ዝም ብሎ ሳልም አለ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣም አለ። ብርጭቆውን ከእሳቱ አውርጄ ሮጥሁ። ልጄን አቅፌ ቤት አስገባኋት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጀርባዋን ሳሻሽ ቆየሁ። ስመለስ ዝናብ ጀምሮ ከሰሉ ጠፍቷል። ብርጭቆውን አየሁት። ጭሱ ቀጥኗል። ይበቃዋል አልሁ።

ጋሽ ይርዳው ሲመጡ "ሦስቱንም አፈላሽ?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ" አልኋቸው።

በማግሥቱ አቅጥነው አረንጓዴውን ጨው ራሳቸው ጨመሩ። ውኃው ደፈረሰ። "መጣ" አሉ። ግን ዐይናችን እያየ ደፍራሹ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ውኃው መልሶ ቢጫ ሆነ። ከላዩ ቀጭን ቡናማ ጭስ ተነሣ። ደግመው ጨመሩ። ደፈረሰ፣ ጠራ። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

"ጨዉ አርጅቷል" አሉ። እውነትም ጨዉ ጠርዙ ዝጎ ነበር። ባሕር ዳር ላለ ዘመዳቸው ደውለው አዲስ ጨው በሚኒባስ አስመጡ። በሦስተኛው ቀን እሱም ተጨመረ። ደፈረሰ፣ ጠራ። ክር ነክሬ አውጥቼ ነበር፤ ፀሐይ ስለሌለ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጋሽ ይርዳው ወርቁ ከነጭራሹ በውኃው ውስጥ መኖሩን መጠራጠር ጀመሩ።

እኔ ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ወርቁን የበላው ያቋረጥሁት ሦስተኛ ማፍያ ነው። ልናገር እልና አፌ ላይ ይቀራል። ዋሽታኛለች ብለው ቢያባርሩኝ ልጄን ይዤ የት እገባለሁ? ይህን እያሰብሁ ያን ቀን ዋልሁ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ እኅትማማቾቹ ደረሱ። ከገበሬዎች ማኅበሩ ማዳበሪያ ተቀብለው፣ በአህያ ጭነው፣ አህያይቱን በራችን ላይ አስረው ገቡ።

"እስቲ ወርቃችንን እንየው" አለች ደብሬ።

ጋሽ ይርዳው ወደ ብርጭቆው ጠቆሙ። "ገና አልወረደም። እዚያ ነው።"

የሺ ጎንበስ ብላ አየችው። "ይህ? ይህ እኮ የበሬ ሽንት ነው የሚመስለው!"

"ወርቁ በውኃው ውስጥ ነው" አልኋት እኔ።

"እታለም፣ እኛ የጣና ዳር ሰዎች ነን" አለች። "ዓሣ በውኃ ውስጥ አለ ሲሉን እናምናለን። ወርቅ ሲዋኝ ግን አላየንም።"

ደብሬ አልሳቀችም። "አንቱ" አለቻቸው፣ "እኛ የሰጠናችሁ የእናታችንን አንገት ነው። ውኃ አታሳዩን።"

ጋሽ ይርዳው ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ። በዓይናቸው ጠቅሰውኝ ወደ ጓሮ አወጡኝ።

"ከሱቁ ወርቅ በልኩ አድርጌ ዛሬውኑ እሠራላቸዋለሁ" አሉ በሹክሹክታ። "ይህን ውኃ ኋላ እናየዋለን።"

"እንዳይደባለቅ ብለዋል እኮ ጋሼ።"

"ታዲያ ሌባ ይበሉኝ? ጨዉ አዲስ ነው፣ ውኃው ንጹሕ ነው። ምን እንደነካው አላወቅሁም!"

እሳቸው የሰው ወርቅ ነክተው አያውቁም። በእኔ ምክንያት ሊነኩ ነው።

"ጋሼ" አልኋቸው፣ "ሁለት ጊዜ ነው ያፈላሁት።"

ወደ እኔ ዞሩ። "ሦስት ብለሽኝ ነበር።"

"ዋሽቼ ነው። ጭሱ ወደ ልጄ ሄደ፣ ስታስል ሰማሁ፣ አውርጄው ሮጥሁ።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው አጥሩን ቀና ብለው አዩና "ግቢና ለባለቤቶቹ ንገሪያቸው" አሉ።

ገባሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። የሺ "እንግዲህ ይቺ ደግሞ በልጅ አሳብባ..." ብላ ጀመረች። ደብሬ በእጇ ዝም አሰኘቻት። ዓይኗ ጣቶቼ ላይ ነበር። እጄን ያዘችና አንዱን ሐምራዊ ጣቴን በአውራ ጣቷ አሸችው። አለቀቀም። በነጠላዋ ጠርዝ አሸችው። አለቀቀም።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የእናታችሁ ወርቅ ነው" አልኋት። "ያን ቀን ስገለብጥ ነክቶኝ፣ ፀሐይ ባይኖርም በአራት ቀን ቀስ እያለ ቀለም ያዘ። በውኃው ውስጥ ባይኖር ጣቴን እንዲህ አያደርገውም ነበር።"

ጣቴን ሳትለቅ ቀና አለች። "ልጅሽስ?" አለችኝ።

"ደህና ናት።"

"እንግዲያ ወርቁንም ደህና አድርጊው።"

ጋሽ ይርዳው ጎንደር ላሉት መምህራቸው ደወሉ። አያ ተገኘ ይባላሉ፤ ያረጁ ወርቅ ሠሪ ናቸው፣ ጆሯቸውም ደክሟል። ስለዚህ ንግግሩን ሁላችንም ሰማነው።

"ብርቱው አሲድ አልለቀቀም!" አሉ አያ ተገኘ። "አሁን ብታተኑት ጨው በዝቶበታል፣ ይረጫል። ዩሪያ ጨምሩበት!"

"ምን?"

"ዩሪያ! የገበሬ ማዳበሪያ! ነጩ! ከፎገራ መካከል ተቀምጠህ ዩሪያ የለኝም እንዳትለኝ!"

ሁላችንም በአንድ ጊዜ በሩ ላይ ወደታሰረችው አህያ ዞርን።

"ወይ ጉድ!" አለች የሺ። "ወርቃችንን በላችሁ፤ አሁን ደግሞ ማዳበሪያችንን!"

መጀመሪያ የሳቀችው ደብሬ ናት። ከዚያ ጋሽ ይርዳው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አለቀስሁ። ለዚያ ጆንያ ሌሊት ተነሥተው ተሰልፈው እንደነበር አውቃለሁ። የሩዝ ገበሬ ሚስት ነበርሁ። ደብሬ ራሷ ወጥታ የጆንያውን አፍ ፈታች። "እፍኝ ይበቃል?" አለች።

ብርጭቆውን ለብ ያለ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አቆምሁት። ዩሪያውን በጣቶቼ ቆንጥሬ፣ ፍሬ በፍሬ ማለት ይቻላል፣ እየጨመርሁ ጠበቅሁ። በጨመርሁ ቁጥር ፍስስ ብሎ አረፋ ያወጣል። አረፋው ሲበርድ ሌላ ቁንጥር። ጋሽ ይርዳው ከኋላዬ ቆመው "ቀስ፣ ቀስ" ይላሉ። ብዙ ቆይቶ አንዱ ቁንጥር ገብቶ ምንም ሳያፈላ ዝም ብሎ ሟሟ። "በቃ" አልሁ።

አረንጓዴውን ጨው አንሥቼ ጠብ አደረግሁ። ደፈረሰ። ሁለተኛ ጠብታ፣ ሦስተኛ። ደፍራሹ ከፋ እንጂ አልሳሳም። ጨዉን እስኪበቃው ድረስ ቀስ እያልሁ ጨመርሁ፣ በዘንጉ አማሰልሁ። ውኃው ርብን መሰለ። ርብን መስሎም ቀረ።

"አሁንስ?" አለች የሺ።

"አሁን መጠበቅ ነው። ሐምሌ ነው፣ ይዘገያል።"

ጠበቅን። የድስቱን ውኃ እየለወጥሁ ብርጭቆው እንዳይበርድ አደረግሁ። ደብሬ ከብርጭቆው ፊት ዱካ ስባ ተቀመጠች፣ የሺም ከጎኗ። የእናታቸውን ነገር አወሩልኝ። ሐብሉን የገዙ ሰሞን ሩዝ ሲያርሙ ጭቃው እንዳይነካው ወደ ጀርባቸው ያዞሩት እንደነበር። ከባላቸው ጋር ሲጣሉ ሐብሉን እያሻሹ ዝም ይሉ እንደነበር። ሰላም ከጨዋታ መጥታ ከእነሱ መካከል ተቀመጠች። ደብሬ የልጄን ደረት በመዳፏ ደባብሳ ትንፋሿን አዳመጠች፣ ከዚያ ከቋጠሮዋ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ከላይ ያለው ውኃ ጠራ፣ ከታች ደለል ተኛ።

"ተልባ ነው!" አለች የሺ።

"ቆይ" አልኋት። ውኃውን ቀዳሁ፣ አልደፋሁትም። ደለሉን ደጋግሜ አጠብሁ፣ በለሰለሰ እሳት አደረቅሁ። ጋሽ ይርዳው በማቅለጫው ውስጥ ቦራክስ ነስንሰው እሳቱን ለቀቁበት። ዱቄቱ መጀመሪያ ጠቆረ። ከዚያ ተሰባሰበ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አንዲት የምታበራ ክብ ጠብታ ሆነች። የሺ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሲመዘን ጋሽ ይርዳው መዳቡንና ብየዳውን ቀንሰው ከገመቱት ጋር ገጠመ። ደብሬ ጠብታዋን በመዳፏ ያዘቻት። ከዚያ ወደ ጣቴ ጠቆመች። "ይህስ?"

"ይህ አይመለስም። ቆዳው ሲላጥ ይሄዳል።"

"እንግዲያ ያ ያንቺ ድርሻ ነው" አለችኝ።

ጉትቻዎቹ በሳምንቱ ተሠርተው ተወሰዱ። ጋሽ ይርዳው አላባረሩኝም። ያን ክረምት ግን ብረት ሠሪ ጠርተው ከጓሮው ከጣሪያ በላይ የሚወጣ ረዥም የላሜራ ጭስ ማውጫ አሠሩ። ሲተከል አብረን ቆመን አየን። "ጭሱ ወዴት ይሄዳል ብለሽ ስትጠይቂኝ መልስ መስጠት ነበረብኝ" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ማፍያ ባለቀ ቁጥር በከሰል ግድግዳው ላይ አንድ መስመር እሰምር ጀመር። ሦስት መስመር ሳይሞላ ማንም ሰው ብርጭቆውን አያነሣም። እኔም ጭምር።

ደብሬ በየክረምቱ ማዳበሪያ ልትወስድ ስትመጣ በጨርቅ የተቋጠረ እፍኝ ዩሪያ ታመጣልን ነበር። "የወርቅ ማዳበሪያችሁን እንኩ" ትላለች። ጉትቻዋን አድርጋ ነው የምትመጣው። ዩሪያውን ብዙም አልተጠቀምንበትም፤ ሦስት ጊዜ ያፈላ ሰው አያስፈልገውም። ግን መደርደሪያው ላይ ጠርሙስ ሙሉ ነበረን።

አሁን ዓይኔ ስለደከመ ሥራውን ትቻለሁ። ጋሽ ይርዳው አረፉ። ሱቁ ተከራይቶ የስልክ መለዋወጫ ይሸጥበታል። በዚያ ሳልፍ ወደ ጓሮው አንገቴን ብቅ አደርጋለሁ። ጭስ ማውጫው ዝጎ ቆሟል፣ ወፍ ጎጆ ሠርቶበታል። ግድግዳው ላይ የከሰል መስመሮቼ ግማሾቹ አሁንም ይታያሉ፣ ሦስት ሦስት ሆነው። ሰላም ባሕር ዳር ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ ሳሉም ለቋታል። ጣቶቼ ነጽተዋል። አንዳንዴ ሐምሌ ላይ ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲደፈርስ ሳይ፣ ዘንጉን አንሥቼ ማማሰል ያምረኛል።

የጎረቤት ወርቅ ቤቶች ልጆች አልፎ አልፎ እየመጡ ይጠይቁኛል። የምነግራቸው አጭር ነው። ሦስት ጊዜ አፍሉ። ሁለት ጊዜ ካፈላችሁ፣ ሁለት ነው በሉ።